ጨዋታውን የሚያርሙ ተጫዋቾች
በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የቋንቋ ክበብ አባል በሆነ ተማሪ የተደረገ ንግግር



በዚህ በዓል ላይ ስለ ንባብና ስለ ጽሕፈት እንድናገር ክበባችን በመረጠኝ ጊዜ፣ ስለ ጥንት መጻሕፍት ብቻ የምናገር የመሰላችሁ ትኖራላችሁ። የጥንቱን አልተወውም። ዳሩ ግን ዋናው ጕዳዬ ልጆቻችሁ በስልክ ላይ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። ወላጆቻችን ሆይ፣ አትደንግጡ፤ ጨዋታን ለማመስገን አልተነሣሁም። የተነሣሁት በጨዋታው ውስጥ ስላለው ጽሑፍና፣ ያንን ጽሑፍ ማንም ሳያዛቸው ስለሚያርሙት ተጫዋቾች ጥቂት ለመናገር ነው።

ነገሩን ለማያውቁት ባጭሩ ላስረዳ። በመረብ ላይ የሚካሄድ ጨዋታ፣ እኛ «ኦንላይን ጌም» የምንለው፣ መሮጥና መተኳኰስ ብቻ አይደለም። በውስጡ ሽማግሌ ይመክራል፣ ነጋዴ በዋጋ ይከራከራል፣ የተደበቀ ደብዳቤ ይገኛል፣ ንጉሥ መልእክተኛ ይልካል። ይህ ሁሉ የሚነገረው በብዛት በጽሑፍ ነው። የአንዳንዱ ጨዋታ ጽሑፍ ቢታተም ከአንድ ወፍራም መጽሐፍ ይበልጣል። የሚጽፉት ጥቂት ሰዎች፣ የሚተረጕሙት ሌሎች ጥቂቶች ሲሆኑ፣ የሚያነቡት ግን እጅግ ብዙ ሕዝብ ነው። እንግዲህ ስሕተት ሳይገባበት ሊቀር አይችልም።

ለምሳሌ ያህል፣ በ1989 እ.ኤ.አ. «ዜሮ ዊንግ» የተባለ የጃፓን ጨዋታ ወጥቶ ነበር። በኋላ ለአውሮፓ ገበያ በተዘጋጀው የእንግሊዝኛ ቅጅ የመክፈቻው ንግግር ሰዋስው እጅግ የተሰባበረ ስለ ነበረ፣ ከዐሥር ዓመት ያህል በኋላ በዓለም ዙሪያ የኢንተርኔት መሣቂያ ሆነ። በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣው «ፋይናል ፋንታሲ 7»ም ስለ አንድ ሕመምተኛ ሲናገር ለነጠላው ባለቤት የብዙ ቍጥር ግስ ሰጠው። በእኛ ቋንቋ ቢሆን «ሰውየው ታመዋል» ሲባል አንቱታ ነው ብለን ባለፍነው ነበር፤ እንግሊዝኛ ግን እንዲህ ያለ መሸሸጊያ የለውም። እነዚህ ጨዋታዎች ታትመው ከተሸጡ በኋላ በገዢው እጅ ያለውን ቅጅ ማቃናት አይቻልም ነበር። ስሕተቱ ከዕቃው ጋር አብሮ ኖረ።

እኛ የገነተ ማርያም ልጆች ይህን ነገር ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከ1270 እስከ 1285 እ.ኤ.አ. በነገሠው በይኵኖ አምላክ ዘመን እንደ ታነጸ የሚነገርለት ቤተ ክርስቲያናችን ከአንድ አለት የተፈለፈለ ነው። ሌላ ሕንፃ የሚሠራ ግንበኛ ድንጋዩ ጠምሞ ቢገባበት አፍርሶ መልሶ ይገነባል። ከአለት የሚፈለፍል ሰው ግን አንድ ዓምድ በስሕተት ቢቈርጥ መልሶ ሊተክለው አይችልም። ስለዚህ እያንዳንዱን ምት ከመምታቱ በፊት ማሰብ ነበረበት። ብራና ጸሐፊው ከጠራቢው ይልቅ ዕድለኛ ነው፤ በቢላዋ ፍቆ መልሶ ይጽፋል። ማተሚያ ቤት ደግሞ በመጽሐፉ መጨረሻ «ስሕተት» እና «እርማት» የሚል ሰንጠረዥ ያስገባል፤ ስንት አንባቢ ያንን ሰንጠረዥ እንደሚያየው ግን መምህሮቻችን ያውቁታል። የዛሬው የመረብ ጨዋታ ከሁሉም የቀለለ ነው። ማታ የታረመች አንዲት ፊደል ጧት በሁሉም አገር ባሉ ስልኮች ላይ ተቃንታ ትገኛለች።

ይህ ታላቅ ጥቅም ነው፤ ነገር ግን ጕዳትም አለው። ማረም ሲቀልል መጠንቀቅ ይቀንሳል። «አሁን ይውጣ፣ በኋላ እናርመዋለን» የሚለው ልማድ በብዙ ጨዋታ ሠሪዎች ዘንድ የተለመደ ሆኗል። በኋላ የሚያርመው ማን ነው? ብዙ ጊዜ ተጫዋቹ ነው።

ተጫዋቹ ለዚህ ሥራ ከተቀጣሪው ሠራተኛ ይልቅ የሚመችበት ምክንያት አለ። የጨዋታው ሠሪዎች ጽሑፉን ከሥዕሉ ለይተው በረጅም ዝርዝር ያስቀምጡታል። ተርጓሚው ብዙ ጊዜ የሚያየው ዝርዝሩን እንጂ ጨዋታውን አይደለም። እንበልና «ባክ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ብቻውን ቆሞ ያገኘዋል። ይህ ቃል ጀርባም ነው፣ ወደ ኋላ መመለስም ነው። ተርጓሚው «ጀርባ» ብሎ ያልፋል፤ ተጫዋቹም ከገባበት ገጽ ለመውጣት ሲፈልግ «ጀርባ» የሚል ቁልፍ ይጠብቀዋል። ይህን ስሕተት በዝርዝሩ ላይ ሆኖ ማየት አይቻልም፤ ፊደሉም ሰዋስውም ትክክል ነውና። ስሕተት መሆኑ የሚታወቀው በቦታው ሲነበብ ብቻ ነው። ደግሞም በጨዋታ ውስጥ የተሸነፈ ብቻ የሚያነበው ጽሑፍ አለ፤ ማንም በማይሄድበት በስተግራ ባለው ዋሻ የገባ ብቻ የሚያገኘው ጽሑፍ አለ። አንድ ተከፋይ አራሚ በየዋሻው ልግባ ቢል ዕድሜው አይበቃውም። ዐሥር ሺሕ ተጫዋቾች ግን ሳይነጋገሩ ሁሉን ይዞሩታል።

አማርኛ ሲመጣ ነገሩ ይከብዳል። እንግሊዝኛ ለወንዱም ለሴቲቱም፣ ለትንሹም ለትልቁም በአንድ «ዩ» ይናገራል። አማርኛ «ግባ» ካለ «ግቢ» አላለም፤ «ይግቡ» ካለ ደግሞ የዐሥር ዓመት ልጅ አንቱ አለ። ተርጓሚው ሳያስብበት ሁሉን በወንድ ከጻፈው፣ እኅቶቻችን ጨዋታ በከፈቱ ቍጥር «ዝለል፣ ሩጥ፣ ተዋጋ» እየተባሉ ይኖራሉ። አንዳንድ ብልኅ ተርጓሚ በትእዛዝ ፈንታ «መግቢያ»፣ «መዝለያ» እያለ በስም ያመልጠዋል፤ እኔ ይህን ዘዴ እወደዋለሁ። ከዚህም የባሰ አለ። ማሽኑ ባዶ ቦታ ትቶ የተጫዋቹን ስም ራሱ ያስገባል። በባዶው ቦታ ጐን «አሸነፈ» ተብሎ ከተጻፈ፣ አልማዝም ብታሸንፍ «አልማዝ አሸነፈ» ይላል። ይህን ለማቃናት ቃሉን መለወጥ ብቻ አይበቃም፤ ሠሪዎቹ የማሽኑን አሠራር ራሱን እንዲያስተካክሉ ማስረዳት ያስፈልጋል።

ማጥበቅና ማላላትም አለ። ፊደላችን አያሳየውም። «ይበላል» የሚለው ቃል በላላ ንባብ በይውን፣ በጠበቀ ንባብ የሚበላውን ይናገራል። ከአንድ ፍሬ ሥዕል ሥር «ይበላል» ቢል ምሳ ነው፤ ከጅብ ሥዕል ሥር ቢል ግን ሩጡ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ቃል ሥዕሉን ሳያይ «ትክክል ነው» የሚል አራሚ ካለ አትመኑት።

ስለ ሞክሼ ፊደላት ደግሞ መቼም ሳልናገር አላልፍም። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐና ብዙኃኑ ኀ፤ ንጉሡ ሠና እሳቱ ሰ፤ አልፋው አና ዐይኑ ዐ፤ ጸሎቱ ጸና ፀሐዩ ፀ በአማርኛ አነጋገራችን ድምፃቸው አንድ ሆኗል። በግእዝ ግን ትርጕም ይለያሉ። «ሰአለ» ማለት ለመነ ሲሆን «ሠዐለ» ማለት ሥዕል ሣለ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ያሉትን ቅዱሳን የሣላቸው ሰው በእሳቱ ሰ ከተጻፈ ለማኝ ሆኖ ይቀራል። በብዙዎቹ የስልክ መጻፊያዎች አንደኛው ፊደል በአንድ ንክኪ ሲገኝ ሞክሼውን ለማግኘት ተጨማሪ ንክኪ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ሰነፍ ጣት ወደ ቀረበው ይሄዳል። ፊደሎቹ ይቀነሱ አይቀነሱ የሚለው ክርክር ከእኛ በፊት የተጀመረ ነው፤ በዚህ ንግግርም አይቋጭም። የሞክሼዎቹን ሥር የሚፈልግ ሰው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን በ1948 ዓ.ም. የታተመ የግእዝ መዝገበ ቃላት፣ ወይም የደስታ ተክለ ወልድን በ1962 ዓ.ም. የታተመ የአማርኛ መዝገበ ቃላት ይግለጥ። አራሚ የሚያርመው ከመዝገበ ቃላት እንጂ ከኵራቱ አይደለም።

አሁን ተጫዋቾቹ ሥራውን እንዴት እንደሚሠሩት ልንገራችሁ። «ዘ ባትል ፎር ዌስኖዝ» የሚባል ጨዋታ አለ፤ ዴቪድ ኋይት የተባለ ሰው በ2003 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ ለማንም በነጻ የሚታደል የጦርነት ታሪክ ነው። ጽሑፉ ሁሉ ለሕዝብ ክፍት ነው። አንድ ተጫዋች ግድፈት ሲያገኝ በየትኛው ምዕራፍና በማን ንግግር ላይ እንደ ሆነ ጠቅሶ ያስታውቃል፤ ዕውቀቱ ካለውም ራሱ አርሞ ይልካል። ኀላፊዎቹ መርምረው ያስገቡታል። እያንዳንዱ ለውጥ ከነቀኑና ካራሚው መለያ ስም ጋር ተመዝግቦ ስለሚኖር፣ ዛሬ የታረመው ነገ ስሕተት ሆኖ ቢገኝ የቀድሞውን መመለስ ይቻላል። «ማይንክራፍት» የተባለው፣ በስዊድን አገር ተሠርቶ በ2011 እ.ኤ.አ. በሙሉ የወጣው ዝነኛ ጨዋታም ወደ ብዙ ቋንቋ የተተረጐመው «ክራውድኢን» በተባለ የጋራ የትርጕም መድረክ ላይ በተሰበሰቡ በጎ ፈቃደኞች ነው። በዚያ አንዱ ትርጕም ያቀርባል፣ ሌሎቹ ድምፅ ይሰጡበታል፣ አራሚ ተብሎ የተሾመው ደግሞ ያጸድቀዋል።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ የብራና መጻሕፍታችን ነገር ነው። አንድ ጸሐፊ ከምንጩ ሲገለብጥ አንድ ቃል በሁለት ቅርብ መስመሮች ላይ ሁለት ጊዜ ከተገኘ፣ ዐይኑ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ይዘላል፤ በመካከል ያለው ሁሉ ይቀራል። ጸሐፊው ራሱ መልሶ ቢያነበው ላያየው ይችላል፤ የሚያነበው የጻፈውን ሳይሆን የጻፈው የመሰለውን ነውና። ስለዚህ ሌላ ሰው ከምንጩ ጋር ማመሳከር አለበት። የቀረው ቃል ሲገኝ ከመስመሩ በላይ ወይም በኅዳጉ ላይ ይጻፋል፤ ከቀረበት ቦታ ላይም ትእምርተ ኅድገት የሚባለው እንደ መስቀል ያለ ምልክት ይደረጋል። ያለ ቦታው የገባውም ቃል ሁልጊዜ አይፋቅም፤ ከላይና ከታች ጭረት ተደርጎበት እንዲቀር ይሆናል። ከዚህ ላይ የአራሚውን ትሕትና ተመልከቱ። የቀድሞው ንባብ ሳይጠፋ የተቃናው አብሮ ይታያል፤ የኋላ አንባቢ በሁለቱ መካከል መፍረድ ይችላል። የዌስኖዝ ተጫዋቾች መዝገብ ከዚህ የተለየ ሥራ አይሠራም። በቅዳሴም ጊዜ ዲያቆኑ ሲያነብ ቃል ቢያሳስት፣ የሚያውቅ ካህን ካለበት ሆኖ ያቀናለታል፤ ዲያቆኑም ያቀናውን ቃል ደግሞ ያነብና ይቀጥላል። አንዱም አይቈጣ፣ ሌላውም አይታበይ።

በመረብ ላይ ግን መታበይ ብዙ ነው። ግድፈት አግኝቶ ጸሐፊውን «መሐይም» ብሎ የሚሳደብ እንጂ መስመሩን ጠቅሶ የማይነግር ሞልቷል። የሚጠቅም እርማት አጭር ነው፤ ይኸውም ስሕተቱ የት እንዳለ፣ አሁን ምን እንደሚል፣ ምን ቢል እንደሚሻልና ለምን እንደ ሆነ ይናገራል። ገጹን ፎቶግራፍ አንሥቶ አብሮ መላክ ደግሞ ሠሪውን ከብዙ ፍለጋ ያድነዋል። ከሁሉ ይልቅ መለየት የሚያስፈልገው የፊደል ግድፈት፣ የሰዋስው ስሕተትና የምርጫ ነገር ነው። ሁለቱ ይታረማሉ፤ ሦስተኛው ሐሳብ ሆኖ ይቀርባል እንጂ በእርማት ስም ሾልኮ አይገባም። በጨዋታው ውስጥ ያለ የወሎ ገበሬ በአገሩ አነጋገር ቢናገር፣ እንደ ራዲዮ ዜና አንባቢ እንዲናገር ማድረግ እርማት አይደለም፤ አፉን መቀማት ነው። ደራሲው ሆን ብሎ የሰጠውን ጠማማ አነጋገር ማቃናትም እንደዚሁ ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ገንዘብ ልናገር፤ ይህ ክፍል በክበባችን ውስጥ ብዙ አከራክሮናል። ማይንክራፍትን የሠራውን «ሞጃንግ» የተባለ ድርጅት፣ ማይክሮሶፍት በ2014 እ.ኤ.አ. በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶታል። የበጎ ፈቃደኞቹ ትርጕምና እርማት ግን በነጻ የተሰጠ ነበር። አንዳንድ ጓደኞቼ «እንግዲያውስ ለባለጠጋ ድርጅት ለምን እንደክማለን?» ይላሉ። ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልሱ ግን ለሁሉም ጨዋታ አንድ አይመስለኝም። ለሁሉም በነጻ ለሚታደል ሥራ በነጻ መርዳት የደቦ ሥራ ነው፤ ዛሬ የእገሌን ማሳ፣ ነገ የእኔን። ለሚሸጥ ሥራ ግን አንዲት ግድፈት መጠቈም ሌላ፣ መጽሐፍ የሚያህል ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር ማረም ሌላ ነው። ሁለተኛው ሙያ ነው፤ ሙያ ደግሞ ዋጋ አለው። ቢያንስ ቢያንስ ስም ሊጠራ ይገባል። በብራና መጻሕፍታችን መጨረሻ ብዙ ጊዜ ያስጻፈው ሰው ስምና የጸሐፊው ስም አብረው ይገኛሉ፤ አንባቢም ለሁለቱም እንዲጸልይ ይለመናል። የአራሚውን ስም ከጨዋታው መጨረሻ ለማስገባት የሚፈጀው አንድ መስመር ብቻ ነው።

«ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ያደርግልናል? ጨዋታው በፈረንጅ አፍ ነው» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ጊዜው ተለውጧል። ፊደላችን ዩኒኮድ ወደሚባለው የዓለም የኮምፒዩተር ፊደላት መዝገብ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት አንዱ ኮምፒዩተር የጻፈውን አማርኛ ሌላው ሲከፍተው ትርጕም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። ጉግል የተባለው ድርጅት በየካቲት 2016 እ.ኤ.አ. አማርኛን ወደ መተርጐሚያው ሲያስገባ፣ ከበጎ ፈቃደኞች የተሰበሰበ ትርጕምና እርማት ረድቶታል። በአዲስ አበባም «ቅኔ ጌምስ» የተባለ ድርጅት ከእጅ ስለምታመልጥ ዶሮ «ኩኩሉ» የሚል ጨዋታና፣ እኛ ጕድጓድ ምሰን በጠጠር የምንጫወተውን ገበጣ በስልክ ሠርቷል። የአገራችን ልጆች ጨዋታ በሠሩ ቍጥር የሚጽፉት አማርኛ አንባቢ ያስፈልገዋል። በዚያውም ላይ ዛሬ የሰው ቋንቋ የሚማሩ ማሽኖች የሚማሩት በመረብ ላይ ተጽፎ ካገኙት ነው። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በመረብ ላይ እንደ ባሕር ስለ ሆነ ጥቂት ስሕተት ይሰጥምበታል። የአማርኛው ግን እንደ ኵሬ ነው፤ አንድ እፍኝ ጭቃ ያደፈርሰዋል። አልማዝን «አሸነፈ» የሚል መስመር ሺሕ ጊዜ ከተባዛ፣ ማሽኑ ያንን ሕግ አድርጎ ይይዘዋል፤ ታናናሾቻችንም ከማሽኑ ይቀበሉታል። እኔን ያሳሰበኝ ይህ ነው።

መረብ ሳይኖር እንዴት እናርማለን የምትሉም አላችሁ። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ወር መጨረሻ የእጅ ስልክ ኢንተርኔት በክልላችን በተቋረጠ ጊዜ ብዙዎቻችን ምን እንዳደረግን ታስታውሳላችሁ፤ ያለ መረብ የሚሠሩትን ጨዋታዎች ደጋግመን ተጫወትን። ለማረም መረብ የሚያስፈልገው በመጨረሻ ለመላክ ብቻ ነው። ማንበቡ፣ ማመሳከሩና መከራከሩ በወረቀት ይሆናል።

ስለዚህ ክበባችን ባለ አምስት ረድፍ አንድ መዝገብ ከፍቷል። በመጀመሪያው ረድፍ የጨዋታው ስምና ስሕተቱ የተገኘበት ቦታ፣ በሁለተኛው አሁን ያለው ጽሑፍ ሳይለወጥ፣ በሦስተኛው የቀረበው እርማት፣ በአራተኛው ምክንያቱ ከመዝገበ ቃላቱ ገጽ ጋር፣ በአምስተኛው ሌላ አንባቢ አይቶ የፈረመበት ይጻፋል። አምስተኛው ረድፍ ባዶ ሆኖ የቀረ እርማት አይላክም። የአማርኛ መምህራችን በየአሥራ አምስት ቀኑ ይመረምሩታል፤ የጸደቀውን መረብ በተገኘ ዕለት ለጨዋታው ሠሪዎች እንልካለን። ጨዋታ የማይጫወቱ ወላጆችም ልጃቸው ሲጫወት አጠገቡ ተቀምጠው ለጆሮአቸው የጐረበጣቸውን አማርኛ ቢነግሩን ስማቸውን በምስክርነት እንጽፋለን። መዝገቡ በቤተ መጻሕፍታችን ጠረጴዛ ላይ ይገኛል፤ እርሳሱም እንዳይጠፋ በክር ታስሯል።